ከኔሪ ወንዝ እስከ ምጽዋ፤ የባሕር ኃይል መኮንን የሚወለድበት ቤት

ጂንካን ቀደም ብሎ የሚያውቅ ሰው የድሮውን የአውሮፕላን ማረፊያ አይረሳውም። ከተማይቱን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ በአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጽሑፍ የወለደውን ጥያቄ ያቀረበልኝ። የታሪክ መምህር መሆኔን ከአጎቱ ሰምቶ ኖሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና፣ "ጋሼ፣ ጦር አካዳሚ ብገባ በኋላ የባሕር ኃይል መኮንን መሆን እችላለሁ?" አለኝ።

አብሮኝ የነበረው ሰው ሳቀ። "ከጂንካ?" አለ፤ ከዚያም ሻዩን ፉት አለ። ልጁ አልሳቀም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልስቅ ከጅሎኝ ነበር፤ የልጁ ፊት ከለከለኝ።

ውድ አንባቢ፣ ሳቁ ምክንያት አልነበረውም አልልም። ካርታ ዘርግቶ የሚለካ ሰው ጂንካ ከየትኛውም ባሕር በቀጥታ መስመር ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ እንደምትርቅ ያያል። ወደ ኪስማዩ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ላሙ ቢለካው ርቀቱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምጽዋ ከእነዚህ ሁሉ ትርቃለች። እንደ ቀጥታ መስመሩ ከሆነማ የኬንያዋ ላሙ ለጂንካ ከምጽዋ ይልቅ ጎረቤት ናት። ሆኖም የልጁ ጥያቄ የርቀት ጥያቄ አልነበረም። ስለ በር ነበር የጠየቀኝ፤ በየትኛው በር ይገባል ነው ያለው። አገራችን ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ረጅምና አሳዛኝ መልስ አላት።

ለነገሩ ደቡብ ኦሞ የባሕር ኃይል መኮንን አይቶ የማያውቅ ምድር አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ካውንት ሳሙኤል ቴሌኪ የተባለ የሃንጋሪ መስፍን ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ዛሬ ቱርካና ከምንለው ሐይቅ ደረሰ። ዳሰነቾች ከጥንት ጀምሮ ከብታቸውን ያጠጡበትን ሐይቅ "አገኘሁ" ብሎም በአልጋ ወራሻቸው ስም "ሩዶልፍ" አለው፤ በስተ ምሥራቅ የሚገኘውን የእኛን ጨው ባሕርን ደግሞ በአልጋ ወራሹ ባለቤት ስም "ስቴፋኒ" ብሎ ሰየመው። አብሮት ሆኖ ካርታውን ያነሣው ሉድቪግ ፎን ሆነል ይባላል፤ የኦስትሪያ ሃንጋሪ ባሕር ኃይል ሌተና ነበር። ይኸው ሰው በ1897 ዓ.ም. የመንግሥቱ መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀርቧል።

ፎን ሆነልን ያነሣሁት ለወግ ብቻ አይደለም። ያ ሰው ያገለገለበት ባሕር ኃይል ዛሬ የለም። ኦስትሪያ ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1918 ስትፈርስ ባሕሯንም፣ መርከቦቿንም፣ ፊዩሜ የነበረውን የባሕር ኃይል አካዳሚዋንም አጣች። በዚያ አካዳሚ ተምሮ የመርከቦቹ የመጨረሻ አዛዥ የነበረው ሚክሎሽ ሆርቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1944 ወደብ አልባዋን ሃንጋሪን በእንደራሴነት ገዛ፤ ንጉሥ የሌለው መንግሥት በመርከብ አልባ አድሚራል እጅ ወደቀ እየተባለም ተቀለደበት። ወደብ አጥቶ ማዕረግ የተረፈው መኮንን ምን እንደሚመስል እኛም ከጊዜ በኋላ አይተነዋል። የእኛ ሰዎች ግን እንደ ሆርቲ አገር ለመግዛት አልታደሉም፤ ወይም፣ ሆርቲ ኋላ ከሂትለር ጋር የገባበትን ስናስብ፣ እንኳን አልታደሉ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ወደዚያ ሐይቅ የደረሰው ከቴሌኪ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነሥተው ጦራቸውን እየመሩ እስከ ኦሞ ወንዝ መድረሻ ዘለቁ፤ በሐይቁም ዳርቻ ሰንደቅ ዓላማ ተተከለ። አብሯቸው የተጓዘው የሩሲያ ፈረሰኛ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጉዞውን በመጽሐፍ አስፍሮታል። ሰንደቁ መጣ፤ ከሰንደቁ ጋር ደግሞ የገባር ሥርዓት መጣ። የአሪ ገበሬ በአያቶቹ መሬት ላይ ለመልከኛና ለወታደር ገባር ሆነ። ትምህርት ቤት ግን ከሰንደቁ ጋር አልመጣም። ለመጪው ታሪክ የሚጠቅመን ይህ ነውና አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ መንግሥት ወደ አንድ አገር ሲገባ ከትከሻው ላይ መጀመሪያ የሚያወርደው ዕቃ ምንነቱን ይናገራል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር አገኙ፤ ባሕረኛ ግን አልነበራቸውም። የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ። ዋና ጣቢያው ምጽዋ ሆነ። ወዲያው በዓመቱ፣ ገና ይህ ነው የሚባል መርከብ ሳይኖር፣ ኤርትራ ውስጥ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። የዚያን ዘመን ሰዎች በብዙ ነገር እንወቅሳቸዋለን፤ እኔም እወቅሳቸዋለሁ። ይህችን ግን አውቀውባታል። መርከብ ይገዛል፣ ይለመናል፣ በዕርዳታም ይገኛል። ሰንደቅ ዓላማችንን ካውለበለቡት መርከቦች ሁሉ ትልቋ የነበረችው "ኢትዮጵያ" ራሷ፣ ኦርካ በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ነበረች፤ ለእኛ የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። መኮንን ግን እንዲህ በስጦታ አይመጣም። የኮሌጁ ሥልጠና 52 ወራት ይፈጅ ነበር፤ ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው። ዕጩው ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከመርከብ አመራሩ ጋር አዳብሎ ተምሮ በዲግሪና በማዕረግ ይወጣል። አሠልጣኞቹና አማካሪዎቹ ከኖርዌይና ከእንግሊዝ የመጡ ባሕረኞች ነበሩ፤ ጥቂት ምሩቃንም ለተጨማሪ ትምህርት ጣሊያን አገር ሊቮርኖ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ይላኩ ነበር።

የምረቃውን ቀን ግርማ የድሮ ሰዎች ሲያወሩት መስማት ደስ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ምጽዋ ይወርዳሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ አንዳንዴም የሶቪየት የጦር መርከቦች ለእንግድነት ይመጣሉ፤ ነጭ የለበሱ ወጣቶች ከንጉሡ እጅ ይቀበላሉ። እነዚያ ነጭ ለባሾች ግን የማን ልጆች ነበሩ? ወደ ኮሌጁ የሚገባው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ተማሪ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በጥቂት ሌሎች ከተሞች ነው። ጂንካ የምትገኝበት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ልጅ በዚያ በር እንዳይገባ የከለከለው አዋጅ አልነበረም፤ አዋጅም አላስፈለገም። የምክትል አዛዥነቱ ወንበር ደግሞ የንጉሡ የልጅ ልጅ የልዑል እስክንድር ደስታ ነበር። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞ ገዥ ነበሩ፤ በደቡብ ግንባር ጣሊያንን ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተገድለዋል። ልጁ ሪር አድሚራል ሆነው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአንድ ሌሊት ከረሸናቸው ሰዎች ጋር ወደቁ። አባት በፋሺስት፣ ልጅ በወገን ጥይት። የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ብዕሬ ይዘገያል።

የጂንካው ልጅ የጠየቀው ግን ከጦር አካዳሚ ወደ ባሕር ኃይል ስለ መሻገር ነውና ወደዚያው ልመለስ። በንጉሡ ዘመን መደበኛው መልስ "አይቻልም" ነበር። ሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ተከፈተ። የአየር ኃይሉ ቤት ቢሾፍቱ ነበር፤ እሱንም ያቋቋሙት ስዊድናውያን ናቸው። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መኮንኖች ሥር ሥራ ጀመረ፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር። ባሕር ኃይሉ ከኖርዌይና ከእንግሊዝ ተማረ። አንዱ ቤት በሕንዶች ሥርዓት ሰላምታ ይሰጣል፣ ሌላው በስዊድኖች፣ ሌላው በእንግሊዞች። ልጁ በ18 ዓመቱ አንዱን በር ይመርጣል፤ ከገባ በኋላ በዚያው ቤት ያድጋል፣ በዚያው ያረጃል። ይህ የሆነው በገንዘብ እጥረት ወይም በአጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ጦር እርስ በርሱ አይዶልትም፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ ሲነሣ ምድር ጦርና አየር ኃይል ተባብረው የመቱት ለዚህ ነው ባይ ነኝ። ዙፋኑን ለጊዜው አተረፈው፤ አገሪቱ ግን አንድ የመኮንኖች ቤት ሳይኖራት ቀረ።

የሌላውን ዓለም ልምድ ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። በአሜሪካ አገር "ማሪን" የሚባለው፣ ከመርከብ ወርዶ በምድር የሚዋጋው ጦር፣ የራሱ አካዳሚ የለውም። መኮንኖቹን ከሚያገኝባቸው ምንጮች አንዱ አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ ነው፤ ተመራቂው ባሕር ኃይልን ወይም ማሪንን ይመርጣል። በዌስት ፖይንት ለምድር ጦር፣ ወይም በአየር ኃይሉ አካዳሚ የተማረ ዕጩም ቢሆን፣ ቁጥሩ የተወሰነ ይሁን እንጂ፣ ከተፈቀደለት ወደ ማሪን ተሻግሮ ማዕረግ ሊይዝ ይችላል። ከየትም ይምጣ ከየት ግን አዲሱ የማሪን መኮንን ሁሉ ኳንቲኮ በተባለው ሥፍራ ለስድስት ወር ያህል በአንድ ትምህርት ቤት ያልፋል። በሩ ብዙ፣ ቤቱ አንድ ነው። የእኛ ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን በር አልነበረም።

ደርግ አማካሪዎቹን ለወጠ። ዕጩዎች በሊቮርኖ ፈንታ ሌኒንግራድና ባኩ ሄዱ፤ መርከቦቹም የሶቪየት ሆኑ፤ በዳህላክ ደሴቶች ኖክራ ላይ የሶቪየት ባሕር ኃይል ጣቢያ ቆመ። በዘመኑ ማብቂያ ላይ የባሕር ኃይሉ ሰው 3,500 ያህል ይደርስ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ አስመራና አሰብ ተከተሉ። የተረፉት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ። "ኢትዮጵያ" የተባለችው መርከብ እዚያው የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ስሟን ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል። ጥቂቶቹ ወደ ጅቡቲ መጡ፤ የወደብ ኪራይ ዕዳ ተቆልሎባቸው ኖሮ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ ቀረቡ። አራቱን የገዛችው ኤርትራ ናት። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሚባል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ኪሳራ ሲጻፍና ሲነገር ሁልጊዜ የምሰማው ስለ ወደቡ ነው። አሰብ እንዴት ተሰጠ፣ ማን ፈረመ፣ ማን ዝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብዙ ቀለም አፍስሼበታለሁ። ነገር ግን በዚያው ቀን ሌላም ነገር ጠፋ፤ ያንን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። 52 ወር የሚያስተምረው ቤት ጠፋ። ወደብ ያጣ አገር ወደብ ሊከራይ ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንከራይ ኖረናል። በ35 ዓመት የተገነባ የትምህርት ልማድ ግን አይከራይም። መኮንኖቹም በሌኒንግራድና በሊቮርኖ የተማሩትን ይዘው ከጦሩ ጋር ተበተኑ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የባሕር ኃይል መኮንን ያላት አገር ሥራ ነሥታ በተነቻቸው። በአገሪቱ የነበረው አዲስ መንግሥት የደርግን ጦር ሲያፈርስ ታንከኛውንና የባሕር ካርታ አንባቢውን አልለየም። ይህ ስሕተት ነበር ብዬ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ።

ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለኝ ካለ ቦሊቪያን እጠቅሳለሁ። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1879 በጀመረው ጦርነት የባሕር ጠረፏን በቺሊ ተነጠቀች። እ.ኤ.አ. በ1963 የወንዝና የሐይቅ ኃይል አቋቋመች፤ ከጊዜ በኋላም ባሕር ኃይል አለችው። ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ትለማመዳለች፤ ማሪኖችም አሏት። ሰው ይስቅባታል። ነገር ግን አንድ ቀን ባሕር ብታገኝ ሙያውን ከመጀመሪያው ፊደል አትጀምርም። ከራሳችን ቤትም ምሳሌ አለ። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ወደቡ ሲሄድ አልሞተም። ወደብ አልባ አገር በባሕር ላይ ሰንደቅ ዓላማውን የማውለብለብ መብት እንዳለው እ.ኤ.አ. ከ1921ዱ የባርሴሎና ስምምነት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የንግድ መርከቦቻችንም ከጅቡቲ እየተነሡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሕጉ ያው፣ ባሕሩም ያው ነበር፤ አንዱን ድርጅት ያኖረና ሌላውን የቀበረ የሰው ውሳኔ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ሲናገሩ ብዙዎቻችን ፈገግ አልን። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈረመ፤ ባሕር ኃይልን ማገዝም በውስጡ ነበረበት። ከዚያ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕር ንግግር መጣ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ከሶማሊያ ጋር የአንካራው መግለጫ። ከዚህ ሁሉ ጋጋታ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው "የት እንቆማለን?" የሚለው ነው፤ "ማን ይቆማል፣ የት ተምሮ?" የሚለው ድምፁ ያነሰ ነው። ባሕርን በጉልበት እናገኛለን የሚለውን ወሬ ከእነ ጭራሹ አልወደውም። ጦርነትን ከሩቅ የሚመኝ ሰው ምጽዋ ላይ በየካቲት 1982 የወደቁትን የሁለቱንም ወገን ልጆች ያስብ።

ለጂንካው ልጅ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። ያልኩት አጭር ነው። "ልጄ፣ በዚህች አገር በሁለት በር ወደ ባሕር ይገባል፤ ሁለቱም በሒሳብና በፊዚክስ በኩል ያልፋሉ" አልኩት። አንዱ የመከላከያ በር ነው፤ መከላከያ ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ ላይ የምሕንድስና ኮሌጅ አለው፤ የባሕር ኃይል መኮንን ደግሞ፣ ከመኮንንነቱ ባሻገር፣ መሐንዲስና መርከብ መሪ ነው። ሁለተኛው ጠመንጃ የሌለበት በር ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁትን ተቀብሎ የመርከብ መኮንን እንዲሆኑ ያሠለጥናል፤ ሠልጣኙ በዓለም አቀፍ የንግድ መርከብ ላይ በዕጩነት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት መሠረት ይመሰከርለታል። ጣና ዳር ተምረው ውቅያኖስ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አሉ።

"የጂንካ ልጅ ይቀበላሉ?" አለኝ።

ይህችን ጥያቄ ነው ይዣት የተመለስኩት። ጂንካ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃም፣ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከሎችም አንዷ ናት። በ1940ዎቹ በበሩ ያልገባው የአሪ ገበሬ ልጅ የልጅ ልጁ ከፊቴ ቆሞ በሩን እየጠየቀኝ ነበር። ግን ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ወደ ሐመር፣ ወደ ኛንጋቶም፣ ወደ ዳሰነች ለወረደ ሰው የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁንም ሩቅ አገር ነው። በኦሞ ዳር በእንጨት ታንኳ ወንዙን የሚሻገረው፣ ውሃውን ከማንኛችንም በላይ የሚያውቀው የዳሰነች ልጅ የልኬት ትሪጎኖሜትሪን የሚያስተምረው ሰው አላገኘም። ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በላይ በፊት ሰንደቅ ዓላማ የተተከለው በእርሱ ደጅ ነው።

"ሕጉ አይከለክልህም፤ ውጤትህን ይዘህ ሂድ" አልኩት። አብሮኝ የነበረው ሰው አሁንም ሊያላግጥ ፈልጎ፣ "መጀመሪያ ግን ዋና ትችላለህ ወይ?" ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ኔሪን በክረምት ሞልቶ እሻገረዋለሁ" አለ፤ እጁንም ከከተማይቱ ሥር ወደሚፈሰው ወንዝ ዘረጋ።